የማጫሻ ክፍል እንሥራ ወይስ ጨርሶ እንከልክል?

ጥያቄ፦ «በምሠራበት ድርጅት የሕንፃ አስተዳደር ኃላፊ ነኝ። አራት ፎቅ ቢሮና አንድ ሰፊ የመመገቢያ አዳራሽ አለን። በሚያጨሱና በማያጨሱ ሠራተኞች መካከል ያለው ጭቅጭቅ ስለሰለቸኝ፣ ከአዳራሹ ጥግ ላይ በመስታወት የተከለለ፣ የራሱ አየር መሳቢያ ያለው የማጫሻ ክፍል ለማሠራት አስቤያለሁ። ሥራ ተቋራጩ ጭስ ጨርሶ አይወጣም ብሎኛል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ግን ሙሉ በሙሉ ይከልከል ባይ ናቸው። ክልከላ ሰዎቹን በር ላይ ከማቆም ሌላ ምን ይፈይዳል? ማንንስ ሲጋራ አስጥሏል?»

ምላሽ፦

አያሠሩት። አጭሩ መልስ ይኸው ነው። ነገር ግን ስብሰባ ገብተው «ባለሙያ ጠይቄ አይሆንም አለኝ» ቢሉ የሚሰማዎት አይኖርም፤ ስለዚህ ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልዎ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጭሱ ልነሳ። ሲጋራ ሲነድ ሁለት ዓይነት ጭስ ይወጣዋል። አንደኛው አጫሹ በማጣሪያው በኩል ስቦ፣ ሳንባው ውስጥ አድርሶ መልሶ የሚያወጣው ነው። ሁለተኛው ሲጋራው በጣት ተይዞ ወይም መተርኮሻ ላይ ተቀምጦ ሳለ ከሚነደው ጫፍ ዝም ብሎ የሚነሳው ነው። ክፍል ውስጥ ከሚጠራቀመው ጭስ አብዛኛው፣ 85 በመቶ ያህሉ፣ ይህ ሁለተኛው ነው። በየትኛውም ማጣሪያ አላለፈም። ሰው ሲስበው ፍሙ ይግላል፤ ሳይሳብ ሲቀር ግን ቀዝቀዝ ብሎ ስለሚነድ በደንብ አይቃጠልም፤ በዚህም ምክንያት ግራም በግራም ቢመዛዘኑ ከተሳበው ጭስ ይበልጥ መርዛማ ነው። የትምባሆ ጭስ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች አሉት፤ ከነዚህ ውስጥ 70 ገደማ የሚሆኑት ካንሰር አምጪ መሆናቸው ይታወቃል። ብናኞቹ አብዛኞቹ ከአንድ ማይክሮን ያነሱ ናቸው። የአንድ ሰው ፀጉር ውፍረት 50 ማይክሮን ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን ካሰቡ ምን ያህል እንደደቀቁ ይገባዎታል። እንደ አቧራ ወርደው ጠረጴዛ ላይ አይቀመጡም፤ ለሰዓታት ይንሳፈፋሉ፤ ሲተነፈሱም የሳንባ ጥግ ድረስ ይገባሉ።

አሁን የተቋራጩን መሳቢያ በወረቀት ላይ እንፈትነው። ስሌቱ ከባድ አይደለም፤ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው። አንድ ሲጋራ ወደ አየር የሚለቀውን ደቃቅ ብናኝ 10 ሚሊግራም እንበል፤ ይህ ለጋስ ግምት ነው፣ ከዚያ በላይም ይለቃል። አሥር ሰዎች በሰዓት ሁለት ሁለት ሲጋራ ቢያጨሱ 200 ሚሊግራም፣ ማለትም 200,000 ማይክሮግራም ይሆናል። አዳራሽዎ 100 ካሬ ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ከፍታ ቢኖረው የሚይዘው አየር 300 ሜትር ኩብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ የ24 ሰዓት አማካይ የደቃቅ ብናኝ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ሲጋራዎቹ ብቻቸውን ከዚህ ልክ እንዳያሳልፉት በሰዓት ከ13,000 ሜትር ኩብ በላይ ንጹሕ አየር ማስገባት ያስፈልጋል። የአዳራሹ አየር በሰዓት 44 ጊዜ፣ በሌላ አነጋገር በየ80 ሴኮንዱ ገደማ ሙሉ በሙሉ ይቀየር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነፋስ ባለበት አዳራሽ ማንም ተቀምጦ አይበላም። አየሩ በሰዓት 10 ጊዜ ቢቀየር፣ ያም ራሱ ጥሩ የሚባል ነው፣ ከሲጋራው ብቻ 67 ማይክሮግራም ይቀራል፤ የመመሪያውን ከአራት እጥፍ በላይ።

«እኔ እኮ አዳራሹን ሳይሆን ትንሿን ክፍል ነው ያልኩት» ይሉኝ ይሆናል። ትንሿ ደግሞ የባሰች ናት። 20 ካሬ ሜትር ብትሆን የምትይዘው 60 ሜትር ኩብ አየር ነው። አየሯ በሰዓት 20 ጊዜ ቢቀየር እንኳ እነዚያው አሥር ሰዎች በአንድ ሜትር ኩብ 167 ማይክሮግራም ያህል ውስጥ ይቆማሉ። አጫሹም ሳንባ አለው። በራሱ ሲጋራ ላይ የዘጠኝ ሰው ጭስ ጨምረንለት «ቦታ ሰጠንህ» ልንለው ነው።

ይህ ሁሉ ስለ ብናኝ ብቻ ነው። ጥሩ የአየር ማጣሪያ ማሽን ብናኙን ይይዝ ይሆናል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን አይዝም፤ ቤንዚን (የመኪናው ነዳጅ ሳይሆን benzene የሚባለው ኬሚካል) እና ፎርማልዲሃይድን የመሳሰሉትንም እንደሚገባው አያስቀርም። መዓዛ የሚረጨውን ጭራሽ አያንሱብኝ።

ጭስ መውጫ ቀዳዳ አያጣም፤ የእርስዎ ክፍል ቀዳዳ ደግሞ በሩ ነው። መሳቢያው በክፍሉ ውስጥ ያለውን የአየር ግፊት ዝቅ ስለሚያደርግ በሩ ተዘግቶ ሳለ አየር ከውጭ ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ አይወጣም፤ ተቋራጩ በዚህ አልዋሸም። ችግሩ በር የሚሠራው ሊከፈት መሆኑ ነው። የሚወዛወዝ በር ትልቅ ማራገቢያ ነው፤ ከክፍሉ የሚወጣ ሰው ደግሞ ከጀርባው አየር ጎትቶ ይወጣል፤ የልብሱና የትንፋሹ ሲጨመር ሌላ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ክፍል በርክክቡ ዕለት ለክቼ ነበር፤ ማን እንዳሠራው ይቅር። በሩ ዝግ፣ መሳቢያው አዲስ፣ መሣሪያዬ ውጭ ላይ ምንም አላሳየም፤ ሁላችንም ተጨባብጠን ተለያየን። ከወራት በኋላ ስመለስ የክፍሉ በር በወንበር ተደግፎ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ማን ከፈተው ብዬ ብጠይቅ አጫሾቹ ራሳቸው ናቸው፤ ሽታውን አልቻሉትም። የመሳቢያው ማጣሪያ ጠቁሮ ተደፍኗል፤ ማታ ማታ ደግሞ ይጮኻል ብለው ያጠፉታል። ንድፉ ትክክል ነበር። አየሩ ግን በንድፍ ሳይሆን በወንበሩ ነው የሚመራው።

የዚያን ቀን ያስታወስኩት ሌላም ነገር አለ። እኔ ስለካ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ገብታ መተርኮሻዎቹን ገልብጣ፣ ጠረጴዛውን ወልውላ፣ ወለሉን ጠርጋ ወጣች። በቀን ስንት ጊዜ እንደምትገባ ስጠይቃት፣ ሳይሞላ ብዬ ቶሎ ቶሎ ነው አለችኝ። የማጫሻ ክፍል ሲታሰብ «የማይፈልግ ሰው አይገባም» ይባላል። እሷ አታጨስም፤ መግባት ግን ሥራዋ ነው።

ከጭስ ነጻ የሆኑ ቦታዎች ታሪክ በአብዛኛው የእሷ ብጤ ሠራተኞች ታሪክ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ሕጎቹ በደንበኛ ምቾት ስም የወጡ ይመስለዋል። አየርላንድ እ.ኤ.አ. መጋቢት 29 ቀን 2004 መጠጥ ቤቶችን ጨምሮ የተዘጉ የሥራ ቦታዎችን ሁሉ ከጭስ ነጻ በማድረግ ከዓለም ቀዳሚ አገር ስትሆን፣ ሕጉ የተመሠረተው በሠራተኛ ጤና ላይ ነበር፤ መጠጥ ቤት ለአንዱ መዝናኛ ቢሆንም ለአስተናጋጁ መሥሪያ ቤቱ ነው። በካሊፎርኒያ የመጠጥ ቤት ክልከላው በ1998 ሲጀመር ተመራማሪዎች በሳን ፍራንሲስኮ 53 የመጠጥ ቤት አሳላፊዎችን ከሕጉ በፊትና በኋላ መርምረው፣ ሳልና የትንፋሽ ማፈን የነበረባቸው አብዛኞቹ በሳምንታት ውስጥ እንደተሻላቸውና የሳንባቸው አቅምም እንደጨመረ አገኙ። በስኮትላንድ ሕጉ በመጋቢት 2006 ከመውጣቱ በፊት ከተመረመሩት የመጠጥ ቤት ሠራተኞች 79 በመቶው እንዲህ ያለ ምልክት ነበራቸው፤ ከሁለት ወር በኋላ 47 በመቶ ገደማ ሆነ። በዚያው አገር 41 መጠጥ ቤቶች ውስጥ የተለካው ደቃቅ ብናኝ በአማካይ ከ246 ወደ 20 ማይክሮግራም ወረደ። ይህን የሚያደርግ መሳቢያ ካለ ተቋራጩ ያምጣልኝ፤ እኔም እገዛዋለሁ።

አውሮፕላኑንም ያስቡት። ዛሬ ወጣት የሆነ ሰው አያምንም እንጂ፣ በአውሮፕላን ውስጥ ከአንድ ረድፍ በስተኋላ ማጨስ የሚፈቀድበት፣ ከዚያ ረድፍ ፊት ያለው ደግሞ «የማያጨሱ» የሚባልበት ዘመን ነበር። ጭሱ የረድፍ ቁጥር አያነብም። የበረራ አስተናጋጆች ለዓመታት ታግለው አሜሪካ በ1988 ከሁለት ሰዓት በታች በሆኑ የአገር ውስጥ በረራዎች፣ በ1990 ከጥቂት ረጃጅሞቹ በቀር በአገር ውስጥ በረራዎች ሁሉ፣ በ2000 ደግሞ በዓለም አቀፎቹም ጭምር ማጨስ ከለከለች። አጫሾች መብረር አላቆሙም።

ወደ ጤናው ልምጣ፤ ስብሰባው ላይ «ትንሽ ጭስ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። የሳንባ ካንሰር አደጋ በደምሳሳው ከጭሱ መጠንና ከዓመቱ ርዝመት ጋር ይጨምራል። ጃፓናዊው ታኬሺ ሂራያማ በ1981 ያሳተመው ጥናት ከ91,000 በላይ የማያጨሱ ባለትዳር ሴቶችን ለ14 ዓመት ተከታትሎ፣ ባሎቻቸው በብዛት የሚያጨሱት በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳየ። በጊዜው ብዙ ተቃውሞ ገጠመው፤ በኋላ የመጡት ጥናቶች ግን አጸኑት። የአሜሪካው ሰርጅን ጄኔራል (የመንግሥቱ ከፍተኛ የሕዝብ ጤና ኃላፊ) በ2006 ያወጣው ሪፖርት ከአጫሽ ጋር መኖር በማያጨስ ሰው ላይ የሳንባ ካንሰርን አደጋ ከ20 እስከ 30 በመቶ፣ የሌላ ሰው ጭስ መተንፈስ ደግሞ የልብ ሕመምን ከ25 እስከ 30 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ አስቀመጠ።

የልቡ ቁጥር አንድ ነገር ሊያስገርምዎ ይገባል። የማያጨሰው ሰው የሚተነፍሰው ጭስ አጫሹ ከሚስበው እጅግ ጥቂት ሆኖ ሳለ አደጋው ለምን ይህን ያህል ሆነ? ምክንያቱ ልብና የደም ሥር እንደ ሳንባ ካንሰር ጭሱን በልክ ሰፍረው የማይቆጥሩ መሆናቸው ነው። ትንሽ ጭስ ይበቃቸዋል። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕሌትሌቶች ይጣበቃሉ፤ የደም ሥር የውስጥ ሽፋን እንደልቡ መለጠጥ ያቅተዋል። የማያጨሱ ጤነኛ ወጣቶች ለ30 ደቂቃ ብቻ በማጫሻ ክፍል ተቀምጠው በልብ ደም ሥራቸው ላይ ለውጥ ታይቷል። የልብ ደም ሥሩ አስቀድሞ የጠበበ ሰው ቢሆንስ? አዳራሽዎ ውስጥ ማን እንዲህ ያለ ልብ ይዞ እንደሚበላ እርስዎም እሱም አታውቁም።

ስለዚህ ክልከላ በወጣባቸው ቦታዎች በድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ሆስፒታል የሚገቡ ሰዎች ቁጥር ቶሎ ሲቀንስ ታየ። እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ ይበሉ። በአሜሪካ ሞንታና ግዛት በሄለና ከተማ በ2002 ለስድስት ወር ብቻ በቆየ ክልከላ ወቅት በዚሁ ሕመም ሆስፒታል የተኙ ሕሙማን በ40 በመቶ ቀነሱ ተብሎ ብዙ ተወርቷል። ከ40 ሰው ወደ 24 ሰው ነው የቀነሰው፤ ትንሽ ከተማ፣ ጥቂት ሕሙማን፣ በአጋጣሚም ሊወዛወዝ የሚችል ቁጥር። ስብሰባ ላይ ይህን አይጥቀሱ፤ አንድ የተማረ ተቃዋሚ ይይዝዎታል። በስኮትላንድ ዘጠኝ ሆስፒታሎች የተሠራው ሰፊ ጥናት 17 በመቶ ቅናሽ አገኘ፤ እንግሊዝ በሐምሌ 2007 ከከለከለች በኋላ በመላ አገሪቱ የታየው ደግሞ 2.4 በመቶ ነው፤ ብዙ የሥራ ቦታዎች ከሕጉ ቀድመው ራሳቸው ከልክለው ስለነበር ለመቀነስ የተረፈው ያነሰ ነበር። እኔ ብሆን ትንሹን ቁጥር ነው የምይዘው። በመላ አገር ደረጃ 2.4 በመቶ ማለት ብዙ ሰው ነው፤ ማንም ደግሞ አጋነንክ አይልዎትም።

«ለምን መሃል መንገድ አይኖርም?» የሚለው የአብዛኛው ቅን ሰው ጥያቄ ነው፤ የእርስዎም ይመስለኛል። መልሱን ስፔን ከፍላ ተምራዋለች። እ.ኤ.አ. በጥር 2006 የወጣው ሕጓ የሥራ ቦታዎችን ከለከለና ከ100 ካሬ ሜትር በታች የሆኑ መጠጥ ቤቶችንና ምግብ ቤቶችን ባለቤቱ ይምረጥ አለ። አብዛኞቹ ባለቤቶች ማጨስን መረጡ። ክፉ ሆነው አይደለም፤ እኔ ብከለክል ጎረቤቴ ደንበኛዬን ይወስድብኛል ብለው ነው። መምረጥ የተባለው ነጻነት እርስ በርስ መፈራራት ሆነ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በጥር 2011፣ ስፔን ሕጉን ቀይራ ሁሉንም ከለከለች። አስቀድሞ የማጫሻ ክፍል ለመከለል ገንዘብ ያወጡት ባለቤቶች ያሰሙትን ምሬት መገመት አያቅትም። እርስዎም ዛሬ መስታወቱን አስገጥመው ነገ ሊያስፈርሱት ይችላሉ።

የማናፈሻው ሐሳብ ከየት እንደመጣ ቢያውቁም አይጎዳም። በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች በ1990ዎቹ በተካሄዱ ክርክሮች የትምባሆ ኩባንያዎች የውስጥ ሰነዶች በሚሊዮን በሚቆጠር ገጽ ለሕዝብ ይፋ ሆነዋል። በነዚህ ውስጥ ኩባንያዎቹ ክልከላን ለማስቀረት «ተቻችሎ መኖር»፣ «ጨዋነት»፣ «የተሻለ ማናፈሻ» የሚሉ ዘመቻዎችን እንዴት እንዳቀነባበሩና እንደደገፉ በጽሑፍ ይታያል። ተቋራጩን እየከሰስኩ አይደለም፤ መሳቢያ መሸጥ ሥራው ነው። የገዛ ሙያው ግን አይደግፈውም፦ የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና የአየር ማናፈሻ መሐንዲሶች ትልቁ ማኅበር አሽሬ በ2005 ባወጣው የአቋም ሰነድ፣ ከቤት ውስጥ ማጨስ የሚመጣውን የጤና አደጋ ማስወገድ የሚቻለው ማጨስን በመከልከል ብቻ እንደሆነ አስፍሯል። በ2003 የጸደቀውና በየካቲት 2005 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነትም በአንቀጽ 8 መንግሥታትን ሰውን ከጭስ እንዲጠብቁ ያስገድዳል፤ አባል አገሮቹ በ2007 ባጸደቁት መመሪያ ደግሞ ማናፈሻ፣ የአየር ማጣሪያና የተለየ የማጫሻ ክፍል መፍትሔ አለመሆናቸው ተነግሯል። ስለ ገቢ የሚጨነቅ አባል ካለ፣ በሽያጭና በታክስ መዝገብ ላይ ተመሥርተው በጥንቃቄ የተሠሩ ጥናቶች የምግብና የመጠጥ ቤቶች ገቢ በክልከላ ምክንያት በጥቅሉ እንዳልወደቀ ማሳየታቸውን ይንገሩት።

አሁን ሁለተኛው ክፍል፦ ክልከላ ሲጋራ ያስጥላል ወይ?

አንዳንዱን አዎ፤ ብዙውን ደግሞ ያስቀንሳል። በ2002 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የታተመ፣ 26 ጥናቶችን የገመገመ ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ ከጭስ ነጻ የሆነ የሥራ ቦታ የሚያጨሱትን ሰዎች ድርሻ በ3.8 የመቶኛ ነጥብ እንደሚቀንስና ማጨሱን የሚቀጥሉትም በቀን ሦስት ሲጋራ ያህል እንደሚቀንሱ አገኘ። ከፊል ክልከላ ባለባቸው ቦታዎች ውጤቱ በጣም ያንሳል።

ለምን እንደሆነ ከራሴ አውቀዋለሁ፤ እኔም ለዓመታት አጭስ ነበር። የአጫሽ ሲጋራ ሁሉ የኒኮቲን ጥማት አይደለም። ጠዋት የመጀመሪያው ጥማት ነው። ስልክ ሲያናግሩ የሚለኮሰው፣ ሪፖርት አልጻፍ ሲል የሚለኮሰው፣ ሌላው ሲያወጣ አይቶ የሚወጣው ግን እጅ የለመደው ነው። አራት ፎቅ መውረድ ሲመጣ እነዚህ ቀድመው ይቀራሉ። በር ላይ ቆሜ ሰዓቴን እያየሁ የማጨሳትን ሲጋራ አልወደድኳትም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከጤና ትምህርቱ ሁሉ ይልቅ እሷ ናት የሠራችልኝ። የማጫሻ ክፍል ደግሞ ይህን ሁሉ ይገለብጠዋል፦ ወንበር፣ ወሬ፣ ጓደኛ፣ ከዝናብ መጠለያ። ሊተው የሚታገል ሰው የሥራ ጓደኞቹ ሁሉ እዚያ ተሰብስበው ሲሳሳቁ በመስታወት እያየ ያልፋል።

ቢሮ ያጣው ጭስ ቤት ሄዶ በሕፃናት ላይ ይጨሳል የሚል ስጋትም ነበር። በስኮትላንድ የታየው ተቃራኒው ነው፤ ከሕጉ በፊት ከዓመት ዓመት ሲጨምር የነበረው በአስም ሆስፒታል የሚገቡ ሕፃናት ቁጥር ከ2006 በኋላ መቀነስ ጀመረ። በሥራ ቦታ የለመደውን ሰው ቤቱም ይሞክረዋል።

ክልከላ ብቻውን ማጨስን አያጠፋም፤ እንዲህ የሚል ባለሙያ ካለ አይመኑት። በአገር ደረጃ ከሁሉ የሚበረታው ግብር ነው፤ የሲጋራ ዋጋ በ10 በመቶ ሲጨምር ፍጆታው ገቢያቸው ከፍ ባሉ አገሮች 4 በመቶ፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ደግሞ 5 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የማስታወቂያ እገዳና በፓኬቱ ላይ የሚታተም ሥዕላዊ ማስጠንቀቂያም አለ፤ ዑራጓይ ማስጠንቀቂያውን የፓኬቱን 80 በመቶ እንዲሸፍን ብታደርግ የትምባሆ ኩባንያው ፊሊፕ ሞሪስ ከሰሳት፤ በ2016 እሷ ረታች። ይህ ከእርስዎ ሥልጣን ውጭ ነው። በእጅዎ ያለው ግን አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ ለመስታወቱና ለመሳቢያው ከተያዘው ገንዘብ የተወሰነውን መተው ለሚፈልጉ ሠራተኞች ያውሉት። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው የኒኮቲን ፓችና የኒኮቲን ማስቲካ ሰው የመተው ዕድሉን በግማሽ ያህል ያሳድጉለታል፤ ፓቹ ከማስቲካው ጋር ተጣምሮ ደግሞ ከአንዱ ብቻ ይሻላል። ቫሬኒክሊን የሚባል በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒትም አለ። ሲጋራ የተወ ሰው የሚከብደው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ነው፤ ብዙው መነጫነጭና ሐሳብ መበተን በሁለትና በአራት ሳምንት ውስጥ ይረግባል። በእነዚያ ሳምንታት የቅርብ አለቃው ቢታገሠው ከመድኃኒት አያንስም።

አፈጻጸሙ ላይ ጥቂት ልበል። ቀኑን ከአንድ ወር ወይም ከሁለት ወር በፊት ይንገሩ፤ በድንገት የመጣ ክልከላ ቁጣ እንጂ ልማድ አይፈጥርም። በቀኑ ጠዋት መተርኮሻ የሚባል ነገር ከሕንፃው ይጥፋ። መተርኮሻ ባለበት «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ቢለጠፍ የሚታመነው መተርኮሻው ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ደግሞ የዋና ሥራ አስኪያጁ ቢሮ መተርኮሻ ይነሳ፤ ባየኋቸው ቦታዎች ክልከላው የተናደው ከላይኛው ፎቅ እንጂ ከታችኛው አይደለም። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራውንና ሺሻውን በስም ጠቅሰው ይጻፉ፤ ካልጻፉ በመጀመሪያው ሳምንት «ይሄ እኮ ሲጋራ አይደለም» ይባላሉ። ሺሻ በተለይ ከሰሉ ብቻውን ብዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። መጸዳጃ ቤት ተደብቆ የሚያጨስ አንድ ሁለት ሰው መጀመሪያ ላይ አይጠፋም፤ ከጭሱም በላይ የወረቀት ቅርጫት ውስጥ የሚጣል ቁራጭ እሳት ስለሚያስነሳ በዚህ አይለሳለሱ። ለጥበቃና ለአስተናጋጆች የሚሉትን ያስተምሯቸው፤ «ይቅርታ፣ እዚህ ማጨስ አይቻልም፤ ውጭ በዚህ በኩል ቦታ አለ» ይበቃል። ተጠያቂው ግን እነሱ ሳይሆኑ እርስዎ እንደሆኑ መመሪያው በግልጽ ይናገር፤ የጥበቃ ሠራተኛ የመምሪያ ኃላፊን ብቻውን እንዲጋፈጥ አይተዉት።

በር ላይ ይቆማሉ ያሉት እውነት ነው፤ ቦታ ካላዘጋጁላቸው የሚቆሙት እዚያው ነው። ስለዚህ ከመግቢያውና ከሚከፈቱ መስኮቶች ራቅ ያለ፣ አየር እንደልብ የሚያልፍበት፣ ግድግዳ የሌለው ቦታ ይስጧቸው፤ የቁራጭ መጣያውንም ከበሩ አንስተው እዚያ ያድርጉት፤ አጫሽ የሚቆመው መጣያው ባለበት ነውና። ቦታውን ከመምረጥዎ በፊት ግን የሕንፃውን ጥገና ሠራተኛ ይዘው ዙሪያውን አንድ ጊዜ ይዙሩ። አንድ ቦታ አጫሾች ከሕንፃው ጀርባ ጥሩ ጥላ አግኝተው ሰፍረው ሳለ የሦስተኛ ፎቅ ሰዎች ጭስ ሸተተን እያሉ ይጮኹ ነበር፤ ማንም አላመናቸውም። በኋላ ሲታይ ለሦስተኛ ፎቅ ንጹሕ አየር የሚያስገባው ቧንቧ አፉ ከዚያው ጥላ ሥር፣ ከአጫሾቹ ራስ በላይ ነበር።